ከእናቷ ግድግዳ የወረደ ፎቶ

ማታ ማታ በአዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ይከፈት የነበረውን የፈረንጅ «ስሎው» ካሴት የሚያስታውስ ሰው ሺኔድ ኦኮነርን ያውቃታል። ስሟን ላያውቅ ይችላል፤ ድምጿን ግን ያውቀዋል። ዊትኒ ሂውስተን ትዘፍናለች፣ ማይክል ቦልተን ይቀጥላል፣ ከዚያ መሐል ላይ ጆሮ ውስጥ የምታወራ የምትመስል አንዲት ሴት ትጀምራለች። ደህና ስታወራ ቆይታ ድንገት ድምጿን ስትለቀው ረዳቱ ሳይቀር ሒሳብ መቀበሉን ትቶ አብሯት ይጮኻል፤ ቃሉን ባይችለውም። ቪዲዮውን ያየ ደግሞ ፊቷን አይረሳውም፦ የተላጨ ጭንቅላት፣ ትልልቅ ዓይኖች፣ ጉንጭ ላይ የሚወርድ እንባ። እኛ ሰፈር «መላጣዋ» ነበር የምንላት።

ከዘፈኑ አልፎ ስለ እሷ የሚያውቅ ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ይነግራችኋል፦ «ያቺ የጳጳሱን ፎቶ የቀደደችው አይደለችም እንዴ? ዝናዋን በገዛ እጇ ቀደደችው እኮ።» ይቺ ዓረፍተ ነገር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተከትላታለች። እሷ ራሷ ግን አልተቀበለቻትም። በ2021 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ነገሩን ገልብጣ ነው የጻፈችው፦ ከመንገዷ ያስወጣት ቁጥር አንድ የሆነው ዘፈን ነው፤ ፎቶውን መቅደዷ ወደ መንገዷ መለሳት። ሳነበው ሰው ለራሱ የሚሰጠው ማጽናኛ መስሎኝ ነበር። አሁን ቃል በቃል አምናታለሁ። ለምን እንደማምናት ልንገራችሁ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ወደ እኛው እመለሳለሁ፤ ምክንያት አለኝ።)

መጀመሪያ ዘፈኑን እንለፈው። የእሷ አይደለም። ፕሪንስ የጻፈውና «ዘ ፋሚሊ» የሚባለው ባንድ በ1985 ያወጣው፣ ብዙም ሰው ያልሰማው ሥራ ነበር። በ1990 እሷ ስትዘፍነው አሜሪካ ውስጥ ለአራት ሳምንት ቁጥር አንድ ሆነ፤ እንግሊዝም አየርላንድም እንደዚያው። ቪዲዮው ላይ ያለው እንባ የተዋናይ እንባ አይደለም። አንድ ስንኝ ላይ ስትደርስ እናቷ ትዝ አለቻት፤ ይህንን ደጋግማ ተናግራለች። ዓለም ለፍቅረኛ የተለቀሰ መስሎት ያለቀሰበት እንባ ለእናት የወረደ ነበር። ለዚያውም ለምን ዓይነት እናት!

ሺኔድ የተወለደችው ዲሴምበር 8 ቀን 1966 ደብሊን ነው። ከአምስት ልጆች ሦስተኛ ናት፤ ታላቅ ወንድሟ ጆሴፍ ኦኮነር ስመ ጥር ልብ ወለድ ጸሐፊ ነው። ወላጆቿ በልጅነቷ ተለያዩ። ተለያዩ እንጂ መፋታት አይችሉም ነበር፤ በዚያን ጊዜ አየርላንድ ውስጥ ፍቺ በሕግ የተከለከለ ነው። እናቷ ዘንድ በነበረችባቸው ዓመታት የደረሰባትን ድብደባ ከወጣትነቷ ጀምሮ እስክትሞት ድረስ ተናግራዋለች፤ ዝርዝሩን እዚህ አልደግመውም። ከእናቷ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ግን አንድ ነገር ተሰቅሎ እንደነበር ያዙልኝ። ሊቀ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1979 አየርላንድን ሲጎበኙ የተነሡት ፎቶ ነው።

ልጅቷ መስረቅ ጀመረች፣ ከትምህርት ቤት መቅረት ጀመረች። አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናት አን ግሪያናን ወደሚባል፣ መነኮሳት ወደሚያስተዳድሩት ማረሚያ ቤት ገባች። ቦታው ደብሊን ውስጥ፣ ሃይ ፓርክ በሚባለው ገዳም ግቢ ነው። ግቢው ከመግደላዊት ልብስ ማጠቢያ ቤቶች ትልልቆቹ አንዱ የነበረበት ነው። እነዚህ ቤቶች ያለ ባል ያረገዘችውን፣ «አስቸጋሪ» የተባለችውን፣ ወይም ቤተሰብ ያፈረባትን ሴት አስገብተው ያለ ደመወዝ ልብስ የሚያሳጥቡባቸው ናቸው። ብዙዎቹ ገብተው አልወጡም። ሺኔድ አንድ ጊዜ በቅጣት እነዚያ ያረጁ ሴቶች ከሚሞቱበት ክፍል እንድታድር መደረጓን ጽፋለች። ማንም ምንም አልነገራትም። ካልተስተካከልሽ መጨረሻሽ ይኸው ነው መባሏን ግን ገባት።

እዚያው ቤት ውስጥ ያለችው አንዲት መነኩሲት ደግሞ ጊታር ገዛችላት፤ የሙዚቃ አስተማሪም አገኘችላት። ታሪኳን የሚጽፉ ሰዎች ይህን ቶሎ ያልፉታል፤ እኔ ግን እዚህ ላይ መቆም እፈልጋለሁ። ሺኔድ በሕይወቷ ሙሉ ቤተ ክርስቲያንን እንደ አንድ ወጥ ጠላት አላየችም። የገረፋትም ጊታር የገዛላትም ያው አንድ ልብስ የለበሰ ሰው ነው። ይኼ ነገር ነው ንዴቷን ከተራ ጥላቻ የለየው።

ፌብሩዋሪ 1985 እናቷ በመኪና አደጋ ሞተች። ሺኔድ ገና አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ወደ ቤቱ ስትመለስ ያንን ፎቶ ከግድግዳው አወረደችው። ከዚያ በኋላ በሄደችበት ሁሉ፣ ቤት በቀየረች ቁጥር፣ አብሯት ዞረ። አንድ ቀን እንደምታጠፋው ታውቅ ነበር፤ ቀኑ ነበር የሚጠበቀው።

የመጀመሪያ አልበሟ «አንበሳውና እባቡ» በ1987 ወጣ። ርዕሱ ዳዊት ለሚደግም ሰው አዲስ አይደለም፤ በእኛ ዳዊት መዝሙር 90 ላይ ያለው አንበሳና እባብ ነው። አልበሙ ውስጥ ኤንያ ከዚሁ መዝሙር በአየርላንድ ቋንቋ ታነባለች። ሺኔድ ያኔ ሃያ ዓመቷ ነው፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ የመጀመሪያውን ቅጂ አልወደድኩትም ብላ ጥላ ራሷ ፕሮዲውስ አድርጋ ነው እንደገና የሠራችው። የካምፓኒው ሰዎች ፀጉሯን እንድታስረዝም፣ ሴት ሴት እንድትል ሲመክሯት ፀጉር ቤት ሄዳ ተላጨች። እኛ «መላጣዋ» ያልናት ነገር እንግዲህ ፋሽን አልነበረም፤ መልስ ነበር።

አልተርኔቲቭ ሮክ የሚባለው ስም ያን ጊዜ ሬዲዮው በሚፈልገው ልክ ላልተሰፋ ሙዚቃ የተሰጠ ነው። እሷ ደግሞ ለእሱም ልክ አልነበረችም። ሮክ ትጮኻለች፣ የአየርላንድን እንጉርጉሮ ታወጣለች፣ ሂፕ ሆፕ ትወዳለች። በ1989 ግራሚ ላይ ስትዘፍን የፐብሊክ ኢነሚን ምልክት ጭንቅላቷ ላይ አሥላ ወጣች፤ የራፕ ሽልማቱ በቴሌቪዥን አይተላለፍም ስለተባለ ነው። በ1991 ግራሚ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአልተርኔቲቭ ሙዚቃ የሚሰጥ ሽልማት አዘጋጀ፤ አሸናፊዋ እሷ ሆነች። አልሄደችም፣ አልተቀበለችም። ሙዚቃን በገንዘብ ሚዛን ነው የምትመዝኑት አለች። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኒው ጀርሲ ውስጥ ከዝግጅቷ በፊት የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር እንዳይዘፈን ጠይቃ ፍራንክ ሲናትራ እመታታለሁ ብሎ ዝቶባት ነበር። እንግዲህ 1992 ሲደርስ ሰውየው ሁሉ በአፉ ላይ «እብድ» የሚለውን ቃል አዘጋጅቶ እየጠበቀ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ እኛው አቆጣጠር ልመለስ።

መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት በአማርኛ ንግግር አደረጉ። አንዱን ዘር የበላይ ሌላውን የበታች የሚያደርገው አስተሳሰብ እስካልተወገደ ድረስ የአፍሪካ አህጉር ሰላም እንደማያገኝ የተናገሩበት ነው። ከዚያ ንግግር አንዱን ክፍል ቦብ ማርሌይ ወስዶ በ1976 «ዋር» የሚለውን ዘፈን ሠራው። ይህንን እኛ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጃማይካዊ ያገኘ ሐበሻ ሁሉ የሚያወራው ነው።

ሺኔድ ኦኮነር በአሜሪካ የቅዳሜ ማታ ፕሮግራም፣ «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» ላይ፣ ያንኑ ዘፈን ያለ ምንም መሣሪያ የዘፈነችው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 3 ቀን 1992 ነው። የንጉሡ ንግግር ኦክቶበር 4 ቀን 1963። ፈረንጅ ቢቆጥረው ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ይቀረዋል። እኔ ግን አንድ ማታ ተቀምጬ ወደ እኛ መለስኩት፦ መስከረም 23 ቀን 1985 ዓ.ም.። ያው ቀን። ያው ከተማ። እሷ ይህንን ልታውቅ አትችልም፤ አጋጣሚ ነው፤ ምልክት ነው ብዬ አልሰብክም። ቢሆንም ካላንደሩን ዘግቼ ትንሽ ዝም አልኩ።

ያን ማታ የሆነውን ቪዲዮ ላይ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። አጠገቧ ሻማ ይነዳል። ማይክሮፎኑ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጨርቅ አስራበታለች። ዓይኗን ከካሜራው አትነቅልም። ንጉሡ አንጎላን፣ ሞዛምቢክን፣ ደቡብ አፍሪካን የጠሩበት ቦታ ላይ ስትደርስ የአገሮቹን ስም አውጥታ በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ጥቃትን አስገባች። ስለ ዘር ጭቆና የተነገረውን ንግግር ወደ መኝታ ቤት አወረደችው። ከዚያ መጨረሻው ላይ ፎቶውን ወደ ካሜራው አነሣችና ቀደደችው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ቁርጥራጩን ወረወረች፣ የጆሮ ማዳመጫዋን አወጣች፣ ሻማውን አጠፋች። ጭብጨባ የለም። እስትንፋስ እንኳ የሚሰማ አይመስልም።

የፕሮግራሙ ሰዎች አልጠበቁትም። በልምምዱ ጊዜ ያሳየችው የአንድ ሕፃን ፎቶ ነበር። የቀደደችው ግን የእናቷን ነው። ከመኝታ ቤት ግድግዳ የወረደውን፣ ሰባት ዓመት አብሯት የዞረውን፣ ያንኑ። ዓለም ያየው ጳጳሱን ብቻ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ከሆነ ከጳጳሱ ጀርባ ግድግዳው ነበረ፤ ከግድግዳው ሥር ደግሞ የምትደበደብ ልጅ።

የመጣባትን ታውቃላችሁ። ስልክ በሺዎች። በሚቀጥለው ሳምንት ተዋናዩ ጆ ፔሺ እዚያው መድረክ ላይ ቆሞ እሱ ቢሆን በጥፊ ይላት እንደነበር ተናገረ፤ ሰዉም አጨበጨበለት። ሲዲዎቿን ኒው ዮርክ መንገድ ላይ በመዳመጫ ማሽን ጨፈለቋቸው። ከአሥራ ሦስት ቀን በኋላ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ለቦብ ዲላን ክብር በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ ስትወጣ የሰዉ ጩኸት አላዘፍን አላት። የዲላንን ዘፈን ልትዘፍን ነበር የወጣችው። ፒያኖውን በእጇ አስቆመችና ያንኑ የማርሌይን ዘፈን፣ ያንኑ የኛን ንግግር፣ እየጮኸች አለችላቸው። ክሪስ ክሪስቶፈርሰን ከመድረክ እንዲያስወርዳት ተልኮ እሱ ግን አቅፎ አጽናናት። እዚያ የነበረው የዲላን ሕዝብ ነው። በተቃውሞ ዘፈን ያደገ ሕዝብ!

በሞተች ሳምንት ቪዲዮውን ለእናቴ አሳየኋት። እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ማርያምን የምታገባ፣ ኪዳን የማይቀርባት ሴት ናት። ስልኩን ራቅ አድርጋ ይዛ አየችው።

«ፀጉሯን ምን ሆና ነው ልጄ?»

«ራሷ ተላጭታው ነው እማዬ።»

«ድምፅስ አላት።» ዝም ብላ አየች። ፎቶው ሲቀደድ ግን አማተበች። «በስመ አብ! ምን ነክቷት ነው? የእነሱም ቢሆን አባት አይደል እንዴ?»

ፎቶው የእናቷ እንደነበር ነገርኳት። እናቷ ስትሞት ከመኝታ ቤት ያወረደችው። እናትየው ምን ታደርጋት እንደነበርም ነገርኳት።

«ሥዕሉ ተሰቅሎ?»

«ተሰቅሎ።»

እናቴ የራሷን ግድግዳ ቀና ብላ አየች። ምስለ ፍቁር ወልዳ አለች እዚያ፣ ከነመጋረጃዋ። ስልኩን መለሰችልኝና ሌላ ወሬ ልትጀምር ነው ስል «ያቺን ልጅ ታስታውሳታለህ?» አለችኝ። «ጨው ልትበደር የምትመጣዋን።»

አስታውሳታለሁ። ከገጠር የመጣች፣ ከእኔ ትንሽ ከፍ የምትል ልጅ ነበረች። «እናስተምራታለን» ተብላ ነው የመጣችው፤ ትምህርት ቤት ስትሄድ ግን አላየኋትም። የነበረችበት ቤት ጌታ በሰፈሩ የተከበረ፣ ለቅሶ ቤት ሲገባ ሰው የሚነሣለት ሰው ነበር። ጨው ተሰጥቷት እንኳ ቶሎ አትሄድም፤ በሩ ላይ ቆማ እግሯን በእግሯ ታክካለች። አንድ ሌሊት ጩኸት ተሰማ። በማግስቱ ቡና ላይ ሴቶቹ አወሩት፤ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ እኛ ልጆቹ «ውጡ እስቲ» ተብለን። መጨረሻው አንዲት ቃል ሆነ፦ ገመና። የሰው ገመና ነው። ትንሽ ቆይቶ ልጅቷ አገሯ ገባች ተባለ።

«ገመና፣ ገመና እንል ነበር» አለች እናቴ። «የማን ገመና ነው? የእሷ እንደሆን አልነበረም።»

ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ገመና ክፉ ቃል አይደለም። «ገመናዬን ሸፈነልኝ» ብሎ ሰው ፈጣሪውን ያመሰግናል፤ የጎረቤቱን ቀዳዳ የሚሸፍን ሰው ጨዋ ይባላል። ድህነትን ሲሸፍን፣ ሕመምን ሲሸፍን ያምራል። ነገር ግን ያው ነጠላ ተዘርግቶ ልጅ ላይ ሲጣል፣ ከሥሩ የሚጮኸው አይሰማም። አየርላንዶች ለዚህ ምን ቃል እንዳላቸው እንጃ፤ ነጠላው ግን ነበራቸው። ሺኔድ በካሜራ ፊት የቀደደችው እሱን ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ቶሎ ቶሎ ልበለው፤ የአደባባይ ታሪክ ነው። ፎቶው በተቀደደ በዓመቱ፣ በ1993፣ እሷ የነበረችበት የሃይ ፓርክ ግቢ ባለቤቶች መሬት ሸጡና እዚያ የተቀበሩትን ሴቶች አፅም ማስወጣት ግድ ሆነ። ፈቃድ የተሰጠው ለ133 አፅም ነበር። ሲቆፈር ተጨማሪ 22 ተገኘ። በ1994 ብሬንዳን ስሚዝ የሚባል ልጆችን ሲያጠቃ የኖረ ቄስ ጉዳይ የአየርላንድን መንግሥት እስከ መጣል ደረሰ። የመጨረሻው የመግደላዊት ማጠቢያ ቤት የተዘጋው በ1996 ነው፤ ልብ በሉ፣ 1996። በ2009 ሁለት ትልልቅ የምርመራ ሪፖርቶች ወጡ። በ2010 ጳጳሱ በነዲክቶስ 16ኛ ለአየርላንድ ምእመናን የይቅርታ ደብዳቤ ጻፉ፤ በ2013 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኤንዳ ኬኒ ማጠቢያ ቤት ለነበሩት ሴቶች ፓርላማ ውስጥ ይቅርታ ጠየቁ።

እሷ በዚህ ሁሉ መሐል ስትዘፍን ነበር። ሰዎች «ጠፋች» ሲሉ እስቃለሁ። ቁጥር አንድ አልሆነችም እንጂ የት ጠፋች? እርግጥ ነው፣ አስቸጋሪ ነበረች። ዘፈን አቆምኩ ትላለች፣ ትመለሳለች። በ1999 ከሮም ውጭ በሆነ አንድ ጳጳስ እጅ ቅስና ተቀበለች፤ በ2018 ሰለመችና ሹሃዳ ተባለች። በአእምሮ ሕመሟ ላይ በአደባባይ አወራች፤ አንዳንዴም ባታወራው የሚያሰኝ ጊዜና ቦታ ላይ። አልበሞቿም ሁሉም እኩል አይደሉም፤ በ2000ዎቹ ያወጣቻቸውን አንዳንዶቹን ከግማሽ በላይ መስማት አቅቶኛል። አንድ ነገር ግን እሟገታለሁ፦ ሃይማኖት የለሽ የሚሏት ሰዎች አልሰሟትም። በ2007 ያወጣችው «ቲዎሎጂ» ከመዝሙረ ዳዊትና ከነቢያት የተቀዳ ነው። ሃይማኖት የጎደላት አልነበረችም፤ ሃይማኖት የበዛባት ነበረች።

ከሁሉም ግን የምወድላት የ2005ቱን ነው። ኪንግስተን ጃማይካ፣ ተፍ ጎንግ ስቱዲዮ ሄዳ፣ ከስላይ ደንባርና ከሮቢ ሼክስፒር ጋር የድሮ ሬጌ ዘፈኖችን ብቻ ዘፈነች። መካከሉ ላይ «አቢሲኒያንስ» የሚባሉት ሦስት ጃማይካውያን ያወጡት አንድ ዘፈን አለ። ርዕሱ በእንግሊዝኛ ፊደል ሦስት ቦታ ተቆራርጦ ነው የተጻፈው፤ መጀመሪያ ሳየው የሰው ስም መስሎኝ ነበር። ድምፅ አውጥቼ ሳነበው ነው የገባኝ፦ ይመስገን። ራስተፈሪያኖቹ አማርኛ እየተማሩ ያነሡት ቃል ኪንግስተን ደርሶ፣ ሸክላ ላይ ታትሞ፣ መጨረሻው ላይ ከደብሊን የመጣች ሴት አፍ ገባ። አነጋገሯ ልክ አይደለም። «ይ»ዋ የእኛ «ይ» አይደለችም፣ «ገን»ኑን ታስረዝመዋለች። ቢሆንም እናቴ ሰምታ «ማናት ይቺ?» አላለችኝም። «አሜን» ነው ያለችው።

የዚያ አልበም መዝጊያ ዘፈን «ዋር» ነው። በዚህኛው ጊዜ ከበሮና ቤዝ አለ፤ የሚጮህባት ሰው የለም።

በጃንዋሪ 2022 ልጇ ሼን በአሥራ ሰባት ዓመቱ ሞተ። እሷ ጁላይ 26 ቀን 2023 ለንደን ውስጥ አረፈች፤ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። ቀብሯ ኦገስት 8 ቀን ብሬይ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ሆነ፤ ለብዙ ዓመት የኖረችበት ቤት እዚያ ነው። የኢስላም ጸሎት ተደረገላት። የአገሩ ፕሬዚዳንት ተገኙ። ሰዉ ከባሕሩ ዳር መንገድ ግራና ቀኝ በሺዎች ቆሞ ይጠብቃል። አስከሬኗን ከያዘው መኪና ፊት ፊት አንድ አሮጌ ቮልስዋገን ሚኒባስ ቀስ ብላ ትሄዳለች፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ባንዲራ አድርጋለች፣ ጣሪያዋ ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ ቦብ ማርሌይ ይጮኻል። አስከሬኑ ሲደርስ ሰዉ አበባ ይወረውርና ያጨበጭብ ጀመር።